ስለ ዛፋማው ፈርን፤ በከፋ ደን የሚገኝ ዕፅና አገልግሎቱ

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በቦንጋ ዙሪያ ባሉት ርጥብ ደኖች ወደ ፈፋዎቹ የወረደ መንገደኛ ከሩቅ ዘንባባ የሚመስል ዕፅ ያያል። ዘንባባ ግን አይደለም፤ አበባም ዘርም የለውም። የዕፅዋት ሊቃውንት አልሶፊላ ማኒያና ብለው የሚጠሩት የፈርን ወገን ነው። በ1865 እ.ኤ.አ. ሲያቴያ ማኒያና ተብሎ የተሰየመው ከምዕራብ አፍሪካ ዕፅዋትን እየሰበሰበ ለንደን ወዳለው ወደ ኪው የዕፅዋት ቦታ ይልክ በነበረው በጉስታፍ ማን ስም ነው፤ ወደ አልሶፊላ ወገን የተዛወረው በ1970 ነው።

ግንዱ ከ6 ሜትር በላይ ሊደርስ ይችላል። ለጋ ቅጠሉ እንደ ብራና ጥቅል ተጠቅልሎ ይወጣና እየተፈታ ይዘረጋል፤ የቅጠሉ አገዳ እሾኻም ስለ ሆነ ሳያስተውል የጨበጠው ሰው ይጸጸታል። ከቅጠሉ በታች ያሉት ደቃቅ ብናኞች በነፋስ ተበትነው ርጥብ አፈር ላይ ሲያርፉ መጀመሪያ የሚበቅለው ከጥፍር የማይበልጥ ስስ አረንጓዴ ነገር ነው። በዚህም ላይ የወንዴው ሕዋስ ወደ ሴቴው የሚደርሰው በውሃ ዋኝቶ ነው፤ ዕፁ ከፈፋና ከጉም የማይርቀውም ስለዚህ ነው።

ለባህል አጥኚ ግን ዋናው ነገር ግንዱ ነው። እንደ ዝግባ ዓመታዊ ቀለበት የለውም፤ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከውስጡ ካለው ጥቁርና ጠጣር ክፍል፣ ከውጭም ከሸፈነው የሥር ድርብርብ ነው። ምስጥ በቶሎ ስለማይደፍረው ለአጥር ይፈለጋል። ምስጥ የሰውን ድካም በጥቂት ዓመታት በሚያጠፋበት አገር ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ይሁን እንጂ ጥቅሙ ብርቱ ዋጋ አለው። ዕፁ የሚያድገው በጫፉ ባለው በአንድ እምብርት ብቻ ስለ ሆነ፣ የተቆረጠው ግንድ እንደ ወይራ ጉቶ አያቆጠቁጥም። የእንሰት ገበሬ አሚቾውን እምብርቱን አውጥቶ ቢቀብረው ከአንዱ ብዙ ችግኝ ያገኛል፤ ይህን ጥበብ የሚያውቀው ሰው ፈርኑን ሲቆርጥ ግን ከአንዱ አንድ ቋሚ ብቻ ያተርፋል፤ የሚተካውም ከብናኝ ጀምሮ እንደገና ማደግ አለበት።

በ1973 በዋሽንግተን የተፈረመው የብርቅ እንስሳትና ዕፅዋት ስምምነት የሚቈጣጠረው ከአገር ወደ አገር የሚደረገውን ንግድ ነው፤ የመንደር አጥር አይመለከተውም። ለዕፁ ይበልጥ የሚቀርበው በ2010 ዩኔስኮ የመዘገበው የከፋ ጥብቅ ደን ነው። ተማሪዎችም ከአጥሩ መጀመር ይችላሉ፤ ከግንዱ የላይኛው ክፍል የወደቁት ቅጠሎች ጠባሳ ተቆርጦ ከቆመ በኋላም ይታያልና፣ አንዱ ቋሚ ስንት ቅጠል አብቅሎ እንደ ነበር ቆጥሮ መገመት ይቻላል።