የስለት ልጅና የፊታውራሪ ልጅ

አሮጌ መጽሐፍ እሸጣለሁ። «ጋሼ፣ የሚያስለቅስ የፍቅር መጽሐፍ የለዎትም?» የምትለኝ ደንበኛ አትጠፋም። እጄ ቀድሞ የሚሄደው «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣ መጽሐፍ ነው፤ እስከ ዛሬ ግን መደርደሪያ ላይ አይሰነብትም።

የአገር ወግ ያለበት ፍቅር ጻፍ ሲባል፣ ብዙው ደራሲ ጀበናና ነጠላ ይደረድራል። ሽፋኑ ላይ ሹሩባ የተሠራች ልጅ አለች፤ ገልጠው ሲያነቡት ታሪኩ ቦሌ ቢሆንም ያው ነው። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሀዲስ ዓለማየሁ እንዲህ አላደረጉም። ጎጃም ተወልደው ቤተ ክህነት የተማሩ ሰው ናቸውና፣ ወጉን ያኖሩት ፍቅረኞቹን በሚያገናኘውና በሚለያየው ነገር ላይ ነው።

የመጽሐፉ ዋና ሰው በዛብህ የማንኩሳ ገበሬ ልጅ ነው። በሕፃንነቱ ሕመም ሲመላለስበት፣ ወላጆቹ ቢተርፍልን ለቤተ ክርስቲያን እንሰጠዋለን ብለው ተሳሉ። ልጁ ተረፈ፤ ስለቱ ግን ትዳር የሚባል ነገር ከለከለው። ቅኔ የተማረው፣ ዲማ የሚባለው አገር የደረሰውም በዚሁ ስለት ነው። ዲማ ላይ ባላባቱ ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ቤታቸው አስገቡት። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሚስት የከለከለው ስለት ራሱ ነው አምጥቶ ከልጅቱ ጎን ያስቀመጠው። ያለዚያ የገበሬ ልጅ እዚያ እልፍኝ ምን ይዞ ይገባል?

በእሷ በኩል የዘር ነገር አለ። አባቷ ጠያቂውን ሁሉ ለዘራችን አይመጥንም እያሉ ሲመልሱ ዕድሜዋ ይነጉዳል። ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች አንዲት የሐረር ልጅ መጽሐፉን ወስዳ አንብባ መጣች። ጎጃምን ረግጣ አታውቅም። መሸሻን ግን ለይታቸዋለች፦ «አባባን ቁጭ! እኛም ቤት ሽማግሌ ከደጅ ነበር የሚመለሰው።» ስለ ባላባት በጥቅሉ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ አባቷን የምታገኝበት አይመስለኝም።

ፊደል ያልቆጠረውም አልቀረበትም። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው የሰሙ እናቶች ከመጽሐፉ ሰዎች አንዱን ጉዱ ካሣን እንደ ሠፈራቸው ሰው ያነሡታል።

ወጣቶቹ በዛብህን ይወዱታል። ለእኔ ትንሽ ፈሪ ነው፤ እኔ ለሰብለ ወንጌል አደላለሁ። እሱ ሸሽቶ ሲሄድ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ተከትላው ወጣች። ዘዴዋም ቢሆን ከዚያው ከአገሩ ወግ የተገኘ ነው፤ የባላባት ልጅ ብቻዋን መንገድ ብትወጣ አገር ይጮኻል፣ መነኩሴን ግን ወዴት ትሄዳለህ ብሎ የሚያስቆም የለም፤ ሲመሽበትም ማደሪያ አያጣም።