ስትጨፍር ትለካ

ጥምቀት ሲቃረብ ጎንደር ፒያሳ ያሉ ልብስ ሰፊዎች ፋታ የላቸውም። የቤተሰቡ ብቻ ሳይሆን የተማሪዎችም የጭፈራ ልብስ ይደራረብባቸዋል። እኔም የልጅ ልጄን ይዤ ከሄድኩት አንዷ ነኝ።

አምና በትምህርት ቤት በዓል ላይ እስክስታ ስትወርድ መሀል ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ከንፈሯ ነጥቷል። ሮጬ መቀነቷን ስፈታው ከደረቷ ሥር እስከ እምብርቷ ተጠምጥሟል። «ወገቧ ቀጭን ሆኖ እንዲታይ ብዬ ነው» አለችኝ ያሰረቻት ወጣት። በነርስነት ዘመኔ ብዙ የወደቀ ሰው አንስቻለሁ፤ የዚያን ቀን ግን እጄ ተንቀጠቀጠ። ደግነቱ ቁጭ ብላ ጥቂት እንደቆየች ትንፋሿ ተመለሰ። ጥፋቱ የእኔም ነበር። የሚያብረቀርቀውን ናይለን ጨርቅ መርጬ የገዛሁት እኔ ነኝ።

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ማሪ ካማርጎ የተባለች የባሌት ተወዛዋዥ የእግሯ ሥራ እንዲታይላት ቀሚሷን አሳጥራ ነበር አሉ። የጭፈራ ልብስ የሚመረጠው በሚሠራው የሰውነት ክፍል ነው። የእኛ እስክስታ ደግሞ ትከሻ፣ አንገትና ደረት ነው። ትከሻ ሲፈጥን ሳንባ ብዙ አየር ይፈልጋል፤ ሆድና የጎድን አጥንት በመቀነት ከታሰሩ ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ ወደ ታች መውረድ ያቅተዋል። ስለዚህ ልጅቷ በደንብ አየር ስባ ሳለች ደረቷ ይለካ። መቀነቱ ከታሰረ በኋላ ሁለት ጣት ካላስገባ ይላላ።

ሰፊውን ብብት ሥር አራት ማዕዘን ቁራጭ ጨርቅ እንዲጨምር ንገሩት፤ ክንድ ሲነሳ ቀሚሱ አብሮ አይጎተትም። ጥልፉ ከአንገትጌውና ከታችኛው ጠርዝ አይለፍ፤ ትከሻ ላይ ከሆነ ያደርቀዋል። ጨርቁ የጥጥ ይሁን። ከአዲስ ዓለም ሸማኔዎች የሚገኝ ሸማ ላብ ይመጣል፤ ግን ይሸበሸባልና ሳይሰፋ በፊት ታጥቦ ይድረቅ። ናይለን ላብ አይመጥም፤ ጧፍ በሚበራበት ቦታ ደግሞ እሳት ከነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። የዚህ ዓይነት ቃጠሎ አክሜያለሁ፤ ጨርቁን ከቆዳ መለየት ለታማሚውም ለሐኪሙም ጭንቅ ነው።

መርፌ ቁልፍ በፍጹም። የላላውን በክር ያዝ ያዝ አድርጉት።

ብዙ ቡድኖች አንዱን ልብስ ለብዙ ልጆች ያለብሳሉ። ድሃ አገር ነን፤ አልወቅሳቸውም። ግን እከክና ቅማል በዚህ በኩል ይገባሉ። በሙቅ ውሃ አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ መተኮስ ነው። የማይታጠበውን፣ ጎፈሬ መሳዩን ሰው ሠራሽ ፀጉር ጭምር፣ በፌስታል አስሮ ሁለት ሳምንት ያህል ማቆየት ይበቃል። ደባርቅና ዳባት ያላችሁ ደግሞ ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ ሹራቡ ተራ እስኪደርስ አይውለቅ፣ ከጭፈራ በኋላም ላብ ያራሰው ቀሚስ ቶሎ ይቀየር።

ዘንድሮ ልብስ ሰፊው ሲለካት «ሲስተር፣ ዝም ብላ ትቁምልኝ» አለኝ። «አይሆንም፣ ስትጨፍር ለካት» አልኩት። ሳቀ፤ ደንበኞቹም ቦታ ለቀቁላት። ለሙከራ በለበሰችው ቀሚስ ሁለቴ እንኳ ትከሻዋን ሳትነቀንቅ ብብቷ ሥር ያለው ስፌት ተተረተረ። ሐሙስ ተመለሱ ብሎናል።