ሮትዋይለር ለፖሊስ ሥራ ይመቻልን? የክብደት ጥቅምና ዕዳ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ግጭትና ስለ ሞመንተም ስናስተምር ከኋላ ወንበር አንድ ተማሪ እጁን አነሣ። «መምህር፣ በእኛ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ሮትዋይለር የሚባል ውሻ አለ። በሩ ሲከፈት መንገደኛው ሁሉ ይሸሻል። ታዲያ ፖሊሶች ይህን የመሰለ ጉልበተኛ እያለ ከእርሱ የቀለሉትን የሚመርጡት ለምንድን ነው?» ሲል ጠየቀን። ክፍሉ ሣቀ። እኛም ቸኩለን «ከባድ ስለሆነ እንደ ልቡ አይሮጥም» ብለን አለፍነው። በኋላ ስናስበው ግን መልሳችን ከግማሽ የማይበልጥ ሆኖ አገኘነው።

ጉዳዩ በሣቅ የሚታለፍ አይደለም። የፖሊስ ውሻ በሰው ላይ የሚለቀቅ፣ ሕይወት ያለው መሣሪያ ነው። ምርጫው ከተሳሳተ ወይ አንድ ንጹሕ ሰው ይነከሳል፣ ወይ ውሻው ራሱ በሙቀት ተዝለፍልፎ ይወድቃል፣ ወይ የተደበቀው ፈንጂ ሳይገኝ ይቀራል። ስለዚህ የዚያን ተማሪ ጥያቄ ዛሬ በሚገባ ልንመልሰው እንሞክራለን።

ከከብት ነጂነት ወደ ፖሊስነት

ሮትዋይለር ስሙን ያገኘው በደቡብ ምዕራብ ጀርመን ከምትገኘው ሮትቫይል ከተማ ነው። ሮማውያን የመሠረቷት ይህች ከተማ በኋለኞቹ ዘመናት የከብት ገበያ ነበረች። የሥጋ ነጋዴዎች ከብት የሚያስነዱት፣ ጋሪ የሚያስጎትቱትና ንብረታቸውን የሚያስጠብቁት በዚህ ውሻ ነበር። የሰውነቱ አሠራር ከዚህ ሥራ የተቀዳ ነው። እምቢተኛ በሬ የሚገፋ ውሻ ሰፊ ደረት፣ ወፍራም አንገትና በቀላሉ የማይደነግጥ ጠባይ ያስፈልገዋል።

በ19ኛው መቶ ዘመን የባቡር ሐዲድ ተዘረጋና ከብት በእግር መንዳት ቀረ። ውሻውም ሥራ ፈት ሆነ፤ ዘሩም እየተመናመነ ሄደ። ያዳነው አዲስ ሥራ ማግኘቱ ነው። በቤልጅየም የጌንት ከተማ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1899 ውሾችን በተደራጀ መልክ ማሠልጠን ጀምሮ ነበር። በዚያው ዓመት ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የተባሉት የጦር መኮንን በጀርመን የእረኛ ውሻ ማኅበር አቋቋሙ። የበግ እረኝነት እየጠፋ መሆኑን ስለተረዱም፣ ጀርመን ሼፐርድ የሚባለው ዝርያ ለፖሊስና ለጦር ሠራዊት አገልግሎት እንዲውል ብዙ ደከሙ። ሮትዋይለርም እ.ኤ.አ. በ1910 በጀርመን በፖሊስ ውሻነት በይፋ ታወቀ።

እንግዲህ ሮትዋይለርም ሆነ ጀርመን ሼፐርድ ከከብትና ከበግ ጥበቃ ወደ ሰው ጥበቃ የተሸጋገሩ ናቸው። ልዩነቱ አንዱ በሬ የሚገፋ፣ ሌላው የበግ መንጋ ቀኑን ሙሉ እየሮጠ የሚያሰባስብ መሆኑ ላይ ነው።

ክብደት የሚሰጠው

በዝርያዎቹ መለኪያ መሠረት የወንድ ሮትዋይለር ቁመት እስከ ትከሻው ከ61 እስከ 68 ሴንቲሜትር ሲሆን ክብደቱ 50 ኪሎግራም ያህል ነው። ወንድ ጀርመን ሼፐርድ ከ60 እስከ 65 ሴንቲሜትር ይቆማል፤ ከ30 እስከ 40 ኪሎግራም ይመዝናል። ዛሬ በብዙ አገሮች ፖሊስ ዘንድ የሚፈለገው ማሊንዋ የተባለው የቤልጅየም እረኛ ውሻ ደግሞ ቁመቱ ከእነዚህ ብዙም ሳያንስ ከ25 እስከ 30 ኪሎግራም ብቻ ይመዝናል።

እስቲ 50 ኪሎግራም የሚመዝን ሮትዋይለርና 28 ኪሎግራም የሚመዝን ማሊንዋ ሁለቱም በሴኮንድ 10 ሜትር እየሮጡ፣ ቆሞ ባለ 75 ኪሎግራም በሚመዝን ሰው ላይ ዘለው ተጣበቁ እንበል። የሮትዋይለሩ ሞመንተም 500፣ የማሊንዋው 280 ኪሎግራም ሜትር በሴኮንድ ነው። ሞመንተም ስለማይጠፋ ሰውየውና ሮትዋይለሩ አብረው በሴኮንድ 4 ሜትር ይገፋሉ። ከማሊንዋው ጋር ሲሆን ፍጥነቱ 2.7 ሜትር ገደማ ይሆናል። ማሊንዋው የሮትዋይለሩን ሞመንተም ያግኝ ቢባል በሴኮንድ 18 ሜትር ያህል መሮጥ ይኖርበታል። ይህ ለውድድር የሚሮጠው ግሬይሃውንድ የሚደርስበት ፍጥነት ነው።

በዚህ ስሌት ተማሪያችን ትክክል ነበር። ሆኖም አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ሰውን ለመጣል ምን ያህል ይበቃል? በሴኮንድ 2.7 ሜትር ማለት በሰዓት 10 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ባልተዘጋጀበት በአንድ ቅጽበት በዚህ ፍጥነት ወደ ኋላ የተገፋ ሰው ሚዛኑን ይስታል። ከዚያ በላይ ያለው ጉልበት ተጠርጣሪውን ለመያዝ እምብዛም አይጨምርም፤ የሚጨምረው ጉዳቱን ነው።

ክብደት የሚያስከፍለው

ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ ትንሽ ውሻ የእርሱን ያህል የሚመዝኑ ሁለት ወይም ሦስት ውሾች በጀርባው መሸከም ሳይችል እንደማይቀር፣ ፈረስ ግን የእርሱን ያህል አንድ ፈረስ እንኳ የሚሸከም እንደማይመስለው ጽፎ ነበር። እንስሳ ሲገዝፍ ክብደቱ ከአጥንቱ ጥንካሬ ቀድሞ ያድጋልና፣ ትልቁ እንስሳ አጥንቱን ከመጠን በላይ ማወፈር ይገደዳል። የሮትዋይለር ወፍራም እግር ለዚህ ሕግ የተሰጠ መልስ ነው። ይሁን እንጂ ወፍራሙ አጥንትና ጡንቻ ራሱ ሸክም ነው።

ውሻው አጥር ሲዘል የክብደት ማዕከሉን 1 ሜትር ከፍ ያደርጋል ብንል፣ ሮትዋይለሩ 490 ጁል፣ ማሊንዋው 274 ጁል ሥራ ይሠራል። ሲያርፍም ይህንኑ ኢነርጂ የፊት እግሮቹና ትከሻው ይቀበሉታል። በአንድ የሥራ ቀን ይህ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። በተጨማሪም ውሻውን በመስኮት አሳልፎ ወይም በመሰላል ተሸክሞ የሚወጣው ፖሊስ ሰው መሆኑን አንርሳ።

ከሁሉ የሚብሰው ግን የሙቀት ዕዳ ነው። ቁመታቸው ከተቀራረበ የሮትዋይለር ትርፍ ክብደት ያለው በወርዱ ነው ማለት ነው። ሁለቱንም እኩል ርዝመት እንዳላቸው በርሜሎች ብንቆጥራቸው፣ ክብደት ከሬዲየሱ ካሬ ጋር፣ ሙቀት የሚወጣበት የጎን ገጽ ግን ከሬዲየሱ ጋር ብቻ ያድጋል። ሮትዋይለሩ በክብደት ማሊንዋውን 1.79 ጊዜ ቢበልጠውም በገጽ ስፋት የሚበልጠው 1.34 ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ኪሎግራም የሚደርሰው ማቀዝቀዣ ገጽ በ25 በመቶ ያንሳል። ፀሐይ ላይ ሲሆን ጥቁር ጠጉሩ ሌላ ሙቀት ይጨምርበታል።

የሚያለከልክ ውሻ አያሸትም

ውሻ እንደ ሰው በመላ ቆዳው አያልበውም። ሙቀቱን የሚያስወጣው በዋናነት በማለክለክ፣ ማለትም ከምላሱና ከመተንፈሻ አካሉ ውሃ በማትነን ነው። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ውሻ ሲያሸት አየሩን በሴኮንድ አምስት ጊዜ ያህል በአፍንጫው ይስባል። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ የአየር ፍሰት ጥናት የአሜሪካው የፔንሲልቫኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ከዚህ አየር ወደ 12 በመቶ የሚሆነው በተለየ መተላለፊያ ወደ አፍንጫው የኋላ ክፍል፣ ወደ ማሽተቻው ሕዋሳት ይሄዳል። የሚያለከልክ ውሻ ግን በአፉ ስለሚተነፍስ በዚህ መንገድ በሚገባ ሊጠቀም አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2003 በእስራኤል ፈንጂ አነፍናፊ ውሾች ላይ የተደረገ ጥናትም ማለክለክ ሲጨምር የማሽተት ብቃት እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

የሮትዋይለር አፍንጫ እንደ ቡልዶግ የተደፈጠጠ አይደለም፤ ማሽተትም ይችላል። የሚያንሰው ሠርቶ ሳይሞቅ የሚቆይበት ጊዜ ነው። የዛሬው የፖሊስ ውሻ ደግሞ አብዛኛውን ሰዓት የሚያሳልፈው ሰው በመጣል ሳይሆን ሻንጣ፣ መኪናና ሕንፃ በማሽተት ነው። ላብራዶርን የመሰለ ገራም ውሻ በአየር ማረፊያዎች የሚመረጠውም ስለዚህ ነው፤ መንገደኛውን ሳያስፈራ ረጅም ሰዓት ያሸታል።

ዝርያው ብቻውን አይፈርድም

እስካሁን የተናገርነው ስለ አካል ነው። ስለ ጠባይ ሲሆን ግን መጠንቀቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2022 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ከ18,000 በላይ ውሾችን የሚመለከት ጥናት፣ በውሾች መካከል ከሚታየው የጠባይ ልዩነት ዝርያ የሚያስረዳው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ቀሪው ከግለሰቡ ውሻ ውርስ፣ ከአስተዳደጉና ከሥልጠናው ጋር የተያያዘ ነው። «ሮትዋይለር ሁሉ ቁጡ ነው» ወይም «ማሊንዋ ሁሉ ለፖሊስ ተፈጥሯል» ማለት እንግዲህ ከሳይንስ የራቀ ነው። ልምድ ያላቸው አሠልጣኞች እያንዳንዱን ውሻ ለየብቻው የሚፈትኑትም በዚህ ምክንያት ነው። ድምፅ ያስደነግጠዋልን? የያዘውን በትእዛዝ ይለቃልን? ለጨዋታ ያለው ጉጉት ሥራውን እስከ መጨረሻ ያስቀጥለዋልን? የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙ ማሊንዋዎች በቀላሉ ያልፉታል፤ ነገር ግን ያው ጉጉት ልምድ በሌለው እጅ ከወደቀ አደጋ ይሆናል። የረጋ ሮትዋይለር በዚህ በኩል ሊበልጥ ይችላል።

ያ ተማሪ ዛሬ ቢጠይቀን እንዲህ እንለዋለን። ልጄ፣ ውሻው አልደከመም፤ ሥራው ተለወጠ። በሬ መግፋትና በር መጠበቅ ክብደት ይጠይቃሉ፤ በዚህ ሮትዋይለርን የሚስተካከል ጥቂት ነው። ቀኑን ሙሉ ማሽተት፣ መዝለልና ማሳደድ ግን ክብደትን ያስከፍላሉ። በጎረቤትህ በር ላይ ያየኸው ፍርሃትም የውሻውን ግዝፈት እንጂ ለፖሊስ ሥራ ያለውን ብቃት አይለካም።

ለአንባቢያን አንድ የቤት ሥራ እንተውላችሁ። ወንድ ዶበርማን ከ68 እስከ 72 ሴንቲሜትር ይቆማል፤ ከ40 እስከ 45 ኪሎግራም ይመዝናል። ከላይ ባየነው የበርሜል ስሌት ርዝመቱንም እየለወጣችሁ በሙቀት ረገድ ለማን እንደሚቀርብ አውጡ።