«ቀረ» ሲል ቀንስ አትበሉት

የአንደኛ ወይም የሁለተኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ ዛሬ ማታ ይቺን ጠይቁልኝ፦ «አንድ ታክሲ ሰው ጭኖ ከመገናኛ ተነሳ። ኡራኤል ላይ 3 ሰው ወረደ። አሁን ውስጥ 5 ሰው ቀረ። ሲነሳ ስንት ሰው ይዞ ነበር?»

ብዙ ልጆች ሳያቅማሙ «ሁለት!» ይላሉ። መቀነስ ስለማይችሉ አይደለም፤ 5 ሲቀነስ 3 በእርግጥም 2 ነው። ችግሩ ያለው «ወረደ፣ ሰጠ፣ ጎደለ፣ ቀረ ካለ ቀንስ፤ ጨመረ፣ አንድ ላይ፣ በጠቅላላ ካለ ደምር» ተብሎ በየክፍሉ የሚነገረው ዘዴ ላይ ነው። ዘዴው አንድ ሁለት ፈተና ያሻግር ይሆናል። ልጁ ግን ታሪኩን መስማት ትቶ ቃል መልቀም ይለምዳል። አምስት ሰው የቀረበት ታክሲ ሁለት ሰው ይዞ ሊነሳ እንደማይችል ቆም ብሎ አያስብም። እኔ ይህ ዘዴ ጭራሽ መቅረት አለበት ባይ ነኝ።

ታዲያ በምን ይተካ? በጨዋታ፤ ያውም በቡድን ጨዋታ።

እኔ ይህን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ አልጽፈውም። ወንበር ደርድረን ታክሲ እንሠራለን፤ ክፍሉ ከጠበበ ሜዳ ወጥተን መሬት ላይ በቾክ እናሰምራለን። አንዱ ሹፌር ነው፣ አንዷ ረዳት፣ የቀሩት ተሳፋሪ። ረዳቷ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለች ከመጣራት ሌላ በየፌርማታው ስንት ሰው እንዳለ የማወቅ ኃላፊነት አለባት። ቀላሉን እናስቀድማለን፦ 6 ሰው ተሳፈረ፣ «ወራጅ አለ!» ተባለ፣ ኡራኤል ላይ 2 ወረደ፣ ስታዲየም ላይ 3 ገባ። ሜክሲኮ ስንት ሆነው ይደርሳሉ? ረዳቷ ትናገራለች፣ ተሳፋሪዎቹ ራሳቸውን ቆጥረው ያረጋግጣሉ። ልክ መሆኗን ለማወቅ የኔን ፊት ማየት አያስፈልጋትም።

ቀጥሎ ከበድ ያለው ይመጣል። ግማሾቹ ልጆች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቆማሉ። ታክሲው ይሞላል፣ ይነሳል፣ ኡራኤል ላይ ሦስት ልጆች ይወርዳሉ። አሁን ዙሩ ይባላሉ። የሚያዩት ዳር ላይ የቆሙ 3 ልጆችና ታክሲው ውስጥ የተቀመጡ 5 ልጆች ነው። ሲነሳ ስንት ነበሩ? አንድ ጊዜ ክርክሩ ሲጦፍ አንዲት ልጅ «የወረዱትን መልሷቸውና እንቁጠር!» አለች። ሦስቱ እየሮጡ ገቡ፤ ስምንት። ሰሌዳው ላይ ባዶ ሳጥን ስዬ «□ – 3 = 5» ብዬ የጻፍኩት ከዚህ በኋላ ነው። ምልክቱ ሲመጣ ሳጥኑ ውስጥ ማን እንደተቀመጠ ያውቃሉ። መደመር መቀነስን እንደሚመልስም በገዛ እግራቸው ሮጠው አይተዋል።

በአሜሪካ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ካርፔንተር፣ ኤልዛቤት ፌኔማና ባልደረቦቻቸው ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ትንንሽ ልጆች የመደመርና የመቀነስ ጥያቄን እንዴት እንደሚፈቱ በቅርብ አጥንተዋል። ከዚያ ሥራ የያዝኩት ትልቅ ነገር አለ። ለእኛ ለአዋቂዎች 8 – 3 አንድ ስሌት ነው። ለልጅ ግን «8 ብይ ነበረኝ፣ 3 ተበላሁ»፣ «3 ብይ አለኝ፣ 8 እንዲሞላልኝ ስንት ይጎድለኛል?» እና «አንተ 8 አለህ፣ እኔ 3፤ በስንት ትበልጠኛለህ?» ሦስት የተለያዩ ታሪኮች ናቸው። የመጀመሪያው ላይ ያነሳል፣ ሁለተኛው ላይ እየጨመረ ይቆጥራል፣ ሦስተኛው ላይ ጎን ለጎን ይደረድራል። ታሪኩን በዕቃ ማስመሰል ከቻለ ደግሞ ማንም ስሌቱን ሳያሳየው ብዙውን ራሱ ይፈታዋል። አጥብቆ የሚያስቸግረው መነሻው የተደበቀበት፣ ማለትም እንደ ታክሲያችን ያለው ጥያቄ ነው።

ጨዋታው በቡድን የሆነበት ምክንያት አለኝ። አራት ልጆችን በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ብታስቀምጡ አንዱ ጎበዝ ይሠራዋል፣ ሦስቱ ያዩታል። መፍትሔው መረጃውን መበተን ነው። ከየግሮሰሪው የለቀምናቸውን ቆርኪዎች መሀል ላይ እናፈስና ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ካርድ እንሰጣለን፦

«ሳህኑ ላይ በጠቅላላ 12 ቆርኪ መኖር አለበት።»
«ቀዮቹ 5 ናቸው።»
«ቢጫዎቹ ከቀዮቹ በ2 ያንሳሉ።»
«የቀሩት በሙሉ አረንጓዴ ናቸው። አረንጓዴዎቹ ስንት ናቸው?»

ሕጉ አጭር ነው። ካርድህን ታነባለህ እንጂ ለሌላ አትሰጥም። ማንበብ ላልጀመረ ልጅ በጆሮው እነግረዋለሁ፤ እሱም በቃሉ ይይዛል። ያለ አራቱም ካርድ መልሱ ስለማይገኝ ኋላ ወንበር ላይ ዝም ብሎ የሚቀመጠው ልጅ ጭምር «ያንተ ምን ይላል?» ተብሎ ይጠየቃል። ስልሳ ልጅ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ይህ ጥያቄ ለዚያ ልጅ ምን እንደሆነ ያስተማረ ያውቀዋል።

አብዛኛውን ጊዜ ጠቡ ያለው ሦስተኛው ካርድ ላይ ነው። «በ2 ያንሳሉ» ሲባል አንዱ ሁለት ቢጫ አንስቶ ሳህኑ ላይ ያደርጋል። ጓደኛው «ሁለት ናቸው አላለም፣ ያንሳሉ ነው ያለው» ይለዋል። ካርዱ እንደገና ይነበባል። አንድ ቡድን ውስጥ አንድ ልጅ አምስቱን ቀይ በመስመር ደረደረና ከሥራቸው ቢጫ እያስቀመጠ ሄደ። ሦስተኛው ላይ ቆም ብሎ «አሁን ሁለቱ ቀዮች ጓደኛ የላቸውም፤ በቃ!» አለ። ልዩነት የሚባለውን ነገር እኔ ከዚያ አሳምሬ ማስረዳት አልችልም። ከዚያ በኋላ 5 እና 3 ስምንት፣ እስከ 12 ድረስ ዘጠኝ፣ አስር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፤ አራት አረንጓዴ። እዚህ ቦታ ላይ ማንም «ቀንስ» አላላቸውም፤ ሁለቱ ቆጥረው ሲሞሉ ሌሎቹ ከአሥራ ሁለቱ ላይ አነሱ፣ ያው አራት ሆነ።

ጨዋታ ጊዜ ማባከን ነው ለሚሉኝ ወላጆች የብራዚሏን ሬሲፌ አነሳላቸዋለሁ። ቴሬዚኛ ካራኸር (በኋላ ኑኔስ)፣ ዴቪድ ካራኸርና አናሉሲያ ሽሊማን በ1985 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት በመንገድ ላይ ኮኮናትና መሰል ነገር የሚሸጡ አምስት ልጆችን ፈትነዋል። እየገበያዩ ሲጠይቋቸው 98 በመቶውን መለሱ። ያንኑ ስሌት በወረቀት ላይ በደረቁ ሲሰጧቸው ግን ያገኙት 37 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ልጆቹ ያው ናቸው፣ ቁጥሩም ያው ነው። እዚህም ሶፍትና ማስቲካ የሚሸጥ ልጅ መልስ ሲቆጥር ያየ ሰው ይህ አይገርመውም። ቁጥሩና ታሪኩ ተለያይተው ሲቀርቡለት ነው የሚጠፋበት።

ቤት ውስጥ ለመሞከር ወንድምና እህት ከአንድ የጎረቤት ልጅ ጋር ይበቃሉ። ቡና ሲፈላ ለሦስቱ እነዚህን ካርዶች ስጧቸው፦ «ረከቦቱ ላይ 6 ሲኒ አለ።» «ቡና የሚጠጡት ሰዎች ረከቦቱ ላይ ካሉት ሲኒዎች በ3 ይበልጣሉ።» «ጎረቤት 2 ሲኒ አውሳናለች፤ አሁንስ ስንት ይጎድለናል?» ትልቁ ልጅ የሌሎቹን ካርድ እንዳይነጥቅ ተጠንቀቁ። ሲሳሳቱ ቶሎ አትግቡባቸው። ሲኒዎቹን አውጡላቸውና ቡናው እስኪወርድ ድረስ ይከራከሩ።