ተሸንፎ የገባን ልጅ ማን ያነጋግረው?

ልጅ ሲያሸንፍ አጃቢው ብዙ ነው። ተሸንፎ የገባ ዕለት ግን ቤቱ ጭር ይላል። አባት ፊቱን ያጠቁራል፤ እናት ምግቡን አቅርባ ዞር ትላለች፤ ልጅም ተሸፋፍኖ ይተኛል። እኛ መምህራንም ብንሆን ከዚህ አንጸዳም። ውጤት አንብበን ወረቀት እንመልሳለን እንጂ ከዚያ በኋላ ስላለው ሌሊት አንጠይቅም። ውድ አንባብያን፣ እስቲ በዚህ ወር ስለዚያ ሌሊት እንነጋገር። ምሳሌያችንን ከሩቅ አገር አምጥተናል።

ኮሎምበስ በአሜሪካ የኦሃዮ ግዛት ዋና ከተማ ስትሆን ብዙ ሶማሊያውያን፣ ኢትዮጵያውያንም ይኖሩባታል። በዚያ የሚገኘው የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ቡድን የሚጫወተው የእኛን እግር ኳስ አይደለም። ኳሱን በእጅ ይዘው እየሮጡና እየወረወሩ የሚፋለሙበትን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ነው። ስታዲየሙ ከ100,000 በላይ ሕዝብ ይይዛል።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 2024 ቡድኑ የዘመናት ባላንጣውን ሚሺጋንን በሜዳው ገጠመ። ኦሃዮ ስቴት በአገሪቱ 2ኛ ደረጃ ላይ ነበር፤ ሚሺጋን ደግሞ በዚያ ዓመት 6 አሸንፎ 5 የተሸነፈ። ውጤቱን የተጠራጠረ ጥቂት ነበር። ነገር ግን ጨዋታው ሊያበቃ 45 ሴኮንድ ሲቀረው ሚሺጋን ነጥብ አስቆጥሮ 13 ለ 10 አሸነፈ። በዚሁ ባላንጣ በተከታታይ ሲሸነፉ 4ኛ ጊዜያቸው ነበር። ሜዳው ላይ ድብድብ ተነሣ። ከደጋፊው ብዙው አሰልጣኙ ራያን ዴይ ይባረር አለ። ኳስ ወርዋሪው ዊል ሀዋርድም ሁለት ኳስ ለባላንጣ አስነጥቆ ነበርና ጣት ተቀሰረበት።

ታዲያ ምን አደረጉ? ከሽንፈቱ በኋላ በነበሩት ቀናት ተጫዋቾቹና አሰልጣኞቹ ለብቻቸው ተቀመጡ። ነገሩን አድበስብሰው አላለፉትም። የከፋው የከፋውን፣ የተቆጣው የተቆጣበትን ፊት ለፊት ተናገረ፤ ሌላው ሰማ። ተጫዋቾቹ ራሳቸው ያን ስብሰባ በኋላ የመለወጫቸው ዕለት አድርገው አንስተውታል።

በሩም አልተዘጋባቸውም። በዚያ ዓመት የማጠቃለያው ውድድር ከ4 ወደ 12 ቡድኖች ሰፍቶ ስለነበር ዕድል አገኙ። ቴነሲን 42 ለ 17፣ ኦሬገንን 41 ለ 21፣ ቴክሳስን 28 ለ 14 ረቱ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 በአትላንታ ከኖትርዳም ጋር ለዋንጫ ቀረቡ። 31 ለ 7 ሲመሩ ቆይተው 31 ለ 23 ተደረሰባቸው። ልብ የሚርድበት ሰዓት ነበር። በዚያች ቅጽበት አሰልጣኞቹ ኳሱን አርቆ እንዲወረውር ያመኑት ያንኑ ጣት የተቀሰረበትን ልጅ ነው። ወረወረ፤ የ1ኛ ዓመቱ ተማሪ ጄረማያ ስሚዝ ቀለበው፤ 56 ያርድ ተገኘ። ጨዋታው 34 ለ 23 ተጠናቀቀ፤ ዋንጫውም የእነርሱ ሆነ።

ዋንጫው 13 ለ 10ን አልፋቀውም። የተሸነፈ ሁሉም ዋንጫ አያገኝም። ይሁን እንጂ ሁለቱ ነገሮች፣ ማለትም በግልጽ መነጋገርና ያጠፋውን መልሶ ማመን፣ ከየትኛውም ቤት አቅም በላይ አይደሉም።

በ2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ፈተና የማለፊያውን ነጥብ ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በዚያ ሰሞን በስንቱ ቤት ዝምታ እንደሰፈነ አስቡት! ከወደቁት መካከል የተሻለ ነጥብ ለነበራቸው የማካካሻ ትምህርት በር ተከፍቷል። ነገር ግን በር መከፈቱ ብቻውን ምን ይጠቅማል፣ ልጁ ከአልጋው ካልተነሣ?

እናም ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ወድቆ ሲገባ በመጀመሪያው ምሽት አብልታችሁ አስተኙት። በማግስቱ አጠገቡ ተቀመጡና «የት ላይ ከበደህ?» በሉት፤ መልሱን ሳታቋርጡ ስሙ። ጥፋቱን ደብቃችሁ አታባብሉት፤ ከጎረቤት ልጅ ጋርም አታወዳድሩት። ከዚያ ደብተሩን መልሳችሁ በእጁ ስጡት። እናንተ ወጣቶችም ዝም አትበሉ፤ የከበዳችሁን ተናገሩ።

ኳሱ ዳግም ወደ እጃችሁ ይመጣል።