ጸሐይን በቴርሞሜትር መገመት

አርባ ምንጭ ዙሪያ ሙዝ የሚያለማ ገበሬ በጸሐይ የሚሠራ የውሃ ፓምፕ ለማስተከል ሲያስብ «ስንት ፓኔል ይበቃኛል?» ማለቱ አይቀርም። መልሱ በቦታው በየቀኑ በሚያርፈው የጸሐይ ጨረር ላይ የተመሠረተ ነው። ጨረሩን የሚለካው ፓይራኖሜትር ግን ውድና ክትትል የሚፈልግ በመሆኑ በብዙ የአየር ሁኔታ ጣቢያዎች የለም። ቴርሞሜትር አለ።

ሰማይ ጠርቶ ሲውል ቀኑ ይሞቃል፤ ሌሊቱም ሙቀቱን የሚያግድ ደመና ስለሌለ ይቀዘቅዛል። ሲዳምን ደግሞ ቀኑ አይግልም፣ ሌሊቱም ብዙ አይበርድም። ተመራማሪዎቹ ሃርግሪቭስና ሳማኒ እ.ኤ.አ. በ1982 ያቀረቡት ቀመር መነሻው ይኸው ነው።

እስቲ እናስላው። አርባ ምንጭ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 6 ዲግሪ ላይ ነች። በመጋቢት አጋማሽ ከከባቢ አየር በላይ በቀን 37.6 ሜጋጁል በካሬ ሜትር ይደርሳታል፤ ይህን ለማወቅ ቀኑና ኬክሮሱ ይበቃሉ። የዕለቱ ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ልዩነት 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ስኩዌር ሩቱ 4 ነው፤ በቀመሩ ቋሚ ቁጥር፣ በ0.16፣ ሲባዛ 0.64 ይሆናል፤ ከላይ ከሚመጣው ጨረር መሬት የሚደርሰው ድርሻ ይህ ነው። ስለዚህ መሬት የሚደርሰው 24 ሜጋጁል፣ ማለትም 6.7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ልዩነቱ 9 ዲግሪ ብቻ ከሆነ ወደ 5 ኪሎዋት ሰዓት ይወርዳል።

ጸሐይ በቀን ስንት ሰዓት እንደታየች የተመዘገበበት ጣቢያ ካለ እኔ የማስቀድመው ጨረሩን ከዚያ ሰዓት የሚገምተውን የአንግስትሮምን ስሌት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1924 ቀርቦ በ1940 በፕሬስኮት የተሻሻለው። ሰዓቱን በሚመዘግበው መሣሪያ ላይ የመስታወት ሉል ጨረሩን ሰብስቦ ከሥሩ ያለውን ካርድ ያቃጥላል፤ ደመና ሲመጣ ቃጠሎው ይቋረጣል። የተቃጠለው መስመር ርዝመት ጸሐይ የታየችበትን ሰዓት ይነግራል።

አርባ ምንጭ ባለችበት በጋሞ ግን ጥንቃቄ የሚያስፈልገው 0.16 ላይ ነው። ቁጥሩ ከውሃ ለራቀ ምድር የተሰጠ ነው፤ ለባሕር ዳርቻ 0.19 ይመከራል። አባያና ጫሞ ሐይቆች ዳር ያለ ማሳ የትኛውን ይውሰድ? ሐይቅ የቀኑን ሙቀት ያበርዳል፣ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ያለዝባል፤ ልዩነቱ የሚጠበው ያለ ደመና ነው። ከአርባ ምንጭ 40 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ላይ ሆና ከእርሷ ከ1,300 ሜትር በላይ ከፍ የምትለው ጨንቻ ደግሞ ጉም የሚበዛባት ደጋ ነች። ናሳ በነጻ የሚያቀርበው የሳተላይት የጨረር መረጃም የአንዱ ክፍል ጎን 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቆላውንና ደጋውን በአንድ ቁጥር ይጠቀልላል።

ስለዚህ ቆላው ላይ አንድ፣ ደጋው ላይ አንድ ፓይራኖሜትር ተተክሎ ቢያንስ አንድ ዓመት ሙሉ መለካት አለበት፤ ቀመሩ በዚያ ይታረማል። እስከዚያው ፓኔል የምትገዙ ሁሉ፣ የተነገራችሁ የጨረር ቁጥር የየትኛው ቦታና የየትኛው ወር እንደሆነ ጠይቁ። ውሃ ከምትፈልጉባቸው ወራት ጸሐይ በጣም በምታንስበት ወር አስልታችሁ ግዙ።