ተራና ሲንተቲክ የሞተር ዘይት ቢደባለቅ ምን ይሆናል?

በዚህ እትም የምናነሳው ጉዳይ ከኬሚስትሪ መጽሐፍ የወጣ ይምሰል እንጂ የብዙዎቻችንን ኪስ የሚነካ ነው። እዚህ ካኩማ ሶላር እየበዛ ቢመጣም ጄኔሬተር ገና ሥራውን አልለቀቀም። ሱቁም፣ ወፍጮውም፣ የማታ ትምህርቱም በሞተር የሚሠራበት ቦታ ብዙ ነው። ቦዳ ቦዳ ነጂዎቻችንም እንጀራቸው ሞተር ላይ ነው። ሞተር ደግሞ ያለ ዘይት ዕድሜ የለውም።

ከተማሪዎችም ከጄኔሬተር ባለቤቶችም ደጋግሞ የሚመጣው ጥያቄ ይሄ ነው፦ «ሞተሩ ውስጥ ያለው ተራ ዘይት ነው፤ ሱቅ ያገኘሁት ሲንተቲክ ነው። ብጨምርበት ይበላሻል ወይ?» አንዳንዱ «ሁለቱ ሲገናኙ እንደ እርጎ ይረጋል፣ ሞተሩም ይነክሳል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ዘይት ያው ዘይት ነው፣ ዝም ብለህ ጨምር» ይላል። የመጀመሪያው አባባል ስህተት ነው። ሁለተኛውም ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። ለምን እንደሆነ እንይ።

ዘይት ከምን ይሠራል?

ማንኛውም የሞተር ዘይት ሁለት ነገር አለው። አንደኛው መሠረቱ ዘይት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጠቅላላው ከሦስት አራተኛ እስከ ዘጠኝ አስረኛ የሚሆነውን ይይዛል። የቀረው የተጨማሪ ኬሚካሎች ድርሻ ነው። በወጥ ብንመስለው መሠረቱ ዘይት ቁሌቱ ነው፣ ኬሚካሎቹ ደግሞ ቅመሙ ናቸው። ከኬሚካሎቹ አንዱ ቆሻሻ ያጥባል፣ አንዱ ጥላሸትን በትኖ ይይዛል፣ አንዱ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ ይከላከላል፣ አንዱ ደግሞ ዝገትን ይቋቋማል።

ተራው ዘይት መሠረቱ ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ የሚወጣ ነው። በተጣራው ውስጥ ግን መጠናቸውና ቅርጻቸው የተለያየ ሞለኪውሎች ተቀላቅለው ይቀራሉ። ሲንተቲኩ ሞለኪውሎቹ በፋብሪካ ተገንብተው ወይም በኃይለኛ ሂደት ተለውጠው እርስ በርስ እንዲመሳሰሉ የተደረገ ነው። ስለዚህ ሙቀትን የበለጠ ይችላል፣ በብርድም ቶሎ አይረጋም። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም፣ በአጭሩ ኤፒአይ፣ መሠረቱ ዘይቶችን በ5 ምድብ ይከፍላቸዋል። 1ኛና 2ኛው ተራ የምንላቸው ናቸው፣ 4ኛውና 5ኛው በኬሚካል የሚገነቡ ናቸው። መሐል ላይ ያለው 3ኛው ምድብ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚመጣ ሲሆን በከፍተኛ ደረጃ የተለወጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ በሁለት ትላልቅ ዘይት አምራቾች መካከል በተነሳ የማስታወቂያ ክርክር ይህ 3ኛው ምድብም «ሲንተቲክ» ተብሎ ሊሸጥ እንደሚችል ተወሰነ። እንግዲህ ዛሬ ጀሪካኑ ላይ «ሲንተቲክ» ተብሎ የሚጻፈው ዘይት ብዙ ጊዜ የተራው ዘይት የቅርብ ዘመድ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ቢደባለቁስ?

ውሃና ዘይት ይለያያሉ፤ ይህን 5ኛ ክፍል ሳለን ተምረናል። ተራና ሲንተቲክ የሞተር ዘይት ግን ሁለቱም ዘይት ናቸውና ይዋሃዳሉ። አንድ ዘይት የኤፒአይን ደረጃ ለማግኘት ከሌሎች መመሳከሪያ ዘይቶች ጋር ተደባልቆ፣ ሲሞቅና ሲበርድ ሳይለያይ መቆየቱ ይፈተናል። ገበያ ላይ «ሰሚ ሲንተቲክ» የሚባለውም ፋብሪካው ራሱ ሁለቱን ደባልቆ የሚያወጣው ነው። ስለዚህ «ይረጋል» የሚለው ወሬ ለሞተር ዘይት አይሠራም።

ይሁን እንጂ ቤት ውስጥ የምንደባልቀውና ፋብሪካው የሚደባልቀው አንድ አይደሉም። ፋብሪካው ቅመሙን ለድብልቁ መጥኖ ነው የሚጨምረው፣ ከዚያም ይፈትሸዋል። እኛ ስንደባልቅ ሁለት የተለያዩ ቅመሞች ይገናኛሉ፣ ውጤቱንም የፈተሸው የለም። ሞተሩ አይሞትም፤ ሆኖም ሁለት ነገር ማወቅ ይገባል።

አንደኛ፣ ለሲንተቲኩ የከፈልነው ብር ይባክናል። 4 ሊትር ተራ ዘይት ላይ አንድ ኩባያ ሲንተቲክ ብንጨምር ዘይቱ ሲንተቲክ አይሆንም፤ ተራ ዘይት እንደሆነ ይቀጥላል። ሁለተኛ፣ የመቀየሪያው ጊዜ በደካማው ይለካል። «ሲንተቲክ ጨምሬበታለሁ፣ ብዙ ይቆያል» ብሎ ማራዘም ሞተርን መግደል ነው። ዘይት ሲሞቅ ከአየር ጋር እየተዋሃደ ያረጃል፤ በግምት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር እርጅናው በእጥፍ ይፈጥናል ይባላል። የቱርካና ፀሐይ ምን እንደምትመስል ለእናንተ መናገር አያስፈልገኝም። በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ትንሽ ጄኔሬተር በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተዘግቶ ሲሠራ ደግሞ የባሰ ነው።

እንደ ምሳሌ፣ በብዙ ትንንሽ የቤንዚን ጄኔሬተሮች ላይ የሚገጠመው ጂኤክስ 160 የሚባለው የሆንዳ ሞተር የሚይዘው ወደ 0.6 ሊትር ዘይት ብቻ ነው። መመሪያው የመጀመሪያውን ቅያሪ ከ20 ሰዓት ሥራ በኋላ ወይም በመጀመሪያው ወር፣ ከዚያ ወዲያ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየ6 ወሩ ያዛል። ማታ ማታ 5 ሰዓት የሚሠራ ጄኔሬተር 100 ሰዓት የሚሞላው በ20 ቀን ነው። ስንቶቻችን እንቆጥራለን?

ዋናው ነጥብ ግን ይሄ ነው። ዘይት ጎድሎ እያዩ «ተመሳሳዩ እስኪገኝ» ብሎ ማሠራት ከመደባለቅ እጅግ የከፋ ነው። ዘይት ሲያንስ ብሮንዚኑና ኮሎው፣ ፒስተኑና ሲሊንደሩ ብረት ለብረት ይፋጫሉ። ይሄ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው፣ ጥገናውም ብዙ ጊዜ ከአዲስ ሞተር አይተናነስም። የተለየ ዓይነት ትክክለኛ ዘይት ጨምሮ ሊቬሎውን መሙላት፣ ቀኑ ሲደርስ ሁሉንም አፍስሶ መቀየር፤ በቃ።

ቁጥሩና ፊደሉ ምን ይላሉ?

ከ«ተራ» እና «ሲንተቲክ» ይልቅ መታየት ያለበት ጀሪካኑ ላይ ያለው ቁጥር ነው። ለምሳሌ 15 ደብሊው-40 ሲል ደብሊው ክረምት ማለት ነው፤ 15ቱ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚፈስ፣ 40ው ደግሞ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ ያሳያል። ደጋ ላይ ቅቤ እንደሚረጋ ቆላ ላይ እንደሚቀልጥ አስቡት። እኛ ጋ ብርድ ስለሌለ ከሁለቱ የበለጠ የሚያሳስበን የኋለኛው ቁጥር ነው። የኋላ ቁጥራቸው 40 የሆነ ሁለት ዘይቶች ቢደባለቁ ውጤቱ ያው 40 አካባቢ ነው። 30 እና 50 እኩል ቢደባለቁ ወደ 40 ይጠጋል፤ ነገር ግን ልክ መሐሉ ላይ አያርፍም፣ ወደ ቀጭኑ ያጋድላል።

ቀጥሎ ፊደሉን እዩ። በኤፒአይ ምልክት «ኤስ» ብሎ የሚጀምረው (ኤስኤል፣ ኤስኤን፣ ኤስፒ) ለቤንዚን፣ «ሲ» ብሎ የሚጀምረው (ሲኤፍ-4፣ ሲአይ-4፣ ሲኬ-4) ለናፍጣ ሞተር ነው። ናፍጣ ጥላሸት ይበዛዋል፤ ስለዚህ ለቤንዚን ብቻ የተሠራ ዘይት ለናፍጣ ጄኔሬተር አይበቃውም። ብዙ ጀሪካኖች ሁለቱንም ፊደል ይይዛሉ፣ እነዚያ ለሁለቱም ይሆናሉ።

ጨርሶ የማይደባለቁ

1. የቱ ስትሮክ ዘይት። ይህ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚቃጠል ነው። የዘይት መለኪያ ዘንግ ያለው ሞተር ውስጥ አይገባም።

2. ለቦዳ ቦዳ የመኪና ዘይት። በአብዛኞቹ ባለ አራት ምት ሞተር ሳይክሎች ሞተሩ፣ ማርሹና ፍሪሲዮኑ አንድ ዘይት ውስጥ ነው የሚነከሩት። ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ በጣም እንዲያንሸራትት የተደረገ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል። ጀሪካኑ ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል ፈልጉ። ተራም ይሁን ሲንተቲክ ለውጥ የለውም።

3. የፍሬን፣ የሃይድሮሊክና የማርሽ ዘይት። ስማቸው ዘይት ቢሆንም ሥራቸው ሌላ ነው።

4. በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጥ፣ ስሙ የማይታወቅ ዘይት። ያገለገለ ዘይት ተጣርቶ አዲስ ሊመስል ይችላል። መልኩን ዓይተን ዕድሜውን ማወቅ አንችልም። ከታወቀ ሲንተቲክ ጋር ከመደባለቅ ይልቅ መፍራት ያለብን ይህን ነው።

ለመምህራን፦ በክፍል የሚሠራ ሙከራ

አንድ ዓይነት ሁለት ባዶ የውሃ ጠርሙሶች ውሰዱ። ክዳናቸውን በአንድ ሚስማር ብሱ፤ ቂጣቸውን ቆርጣችሁ ገልብጧቸው። በአንዱ 100 ሚሊ ሊትር ቀጭን ዘይት፣ በሌላው 100 ሚሊ ሊትር ወፍራም ዘይት ጨምሩና ፈሶ እስኪያልቅ በሰዓት ለኩ። ቀጥሎ እኩል ደባልቃችሁ ከመለካታችሁ በፊት ተማሪዎች እንዲገምቱ አድርጉ። ቀጭኑ 20 ሰከንድ፣ ወፍራሙ 60 ሰከንድ ከወሰደ አብዛኛው ተማሪ 40 ይላል። ውጤቱ ግን ከ40 ያነሰ፣ ወደ 35 የሚጠጋ እንዲሆን ይጠበቃል። ያንኑ ሙከራ ጠዋት በቀዝቃዛውና ቀትር ላይ ደግማችሁ ብታነጻጽሩ ሙቀት ምን እንደሚሠራ በዓይናቸው ያያሉ። ዘይቱን መልሳችሁ ሰብስቡት፤ አይባክንም።

ስለ ተቀየረው ዘይት

ጥቁሩን ዘይት መሬት ላይ ወይም ላጋው ውስጥ የሚደፋ አለ። ይሄ በራስ ላይ ነው። አንድ ሊትር ያገለገለ ዘይት አንድ ሚሊዮን ሊትር ውሃ ሊበክል እንደሚችል ይነገራል፤ እኛ ደግሞ የምንጠጣው ከመሬት በታች የሚወጣ ውሃ ነው። በክዳን ጀሪካን አጠራቅሙት፤ የሚሰበስብ እስኪገኝ ከልጆች እጅ አርቁት። ቆዳ ላይ ደጋግሞ ሲነካም ጉዳት አለው፤ ስለዚህ ከሥራ በኋላ በቤንዚን ሳይሆን በሳሙና ታጠቡ።

በአጭሩ፣ ቁጥሩና ፊደሉ ከተስማማ ተራና ሲንተቲክ ቢደባለቅ ጉዳት የለውም፤ ጥቅሙም ያን ያህል ነው። ጄኔሬተር ያለው ሁሉ አንድ ደብተር ይያዝ፦ ዘይት የተቀየረበት ቀን፣ የተጨመረው ዓይነትና መጠን፣ ሞተሩ የሠራበት ሰዓት። መለኪያውን ዘንግ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት፣ በሜዳማ ቦታ ላይ አውጥቶ ጠርጎ ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፣ ከመግዛትም ማንበብ ይቅደም።